ውጥረትን ክፍል ገብቶ መማር፦ ከስምንት ሳምንት የኮሌጅ ኮርስ ምን ይተርፋል?

ስለ ውጥረትና ጭንቀት አያያዝ ኮሌጅ ገብተው ለመማር አስበው ያውቃሉ? ጥያቄው ራሱ ፈገግ ያሰኝዎ ይሆናል። ቋንቋ እንማራለን፣ ኮምፒውተር እንማራለን፣ አካውንቲንግና ማኔጅመንት በማታው ክፍለ ጊዜ እንማራለን። ጭንቀትን ግን «ያልፋል»፣ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንሸኘዋለን እንጂ ደብተርና እስክርቢቶ ይዘን የምንቀመጥለት ጉዳይ አድርገን አናየውም። «እኔን የሚያስጨንቀኝ የቤት ኪራይ ነው፤ ኮርሱ ኪራዬን ይከፍልልኛል?» ብላ የጠየቀችኝ የሥራ ባልደረባም አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ጊዜም ገንዘብም በሚያጥርበት በዚህ ወቅት፣ ከሥራ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆርሶ ክፍል መግባት ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት በኮርሱ ምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚያቆም ማወቅ ይገባዎታል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያ ነው።

ማን ይማረዋል?

በአንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ የምሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በዓመታዊ የጤና ምርመራ የደም ግፊቴ 138/88 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት አላዘዘልኝም፤ ጨው እንድቀንስ፣ በእግር እንድሄድ፣ እንቅልፌንና ውጥረቴን እንዳስተካክል ነግሮኝ «በሦስት ወር ተመለሺ» አለኝ። እናቴ ግፊት አለባት፤ አያቴም ነበረባት። ሦስቱን ወር ዝም ብዬ ማሳለፍ አልፈለግሁም። ጨውን መቀነስ ገባኝ፤ «ውጥረትሽን አስተካክይ» የሚለው ግን እንዴት እንደሚሆን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ አጭር ኮርስ እንደሚሰጥ ሰማሁና ተመዘገብኩ፤ ሰኞና ረቡዕ፣ ከቀኑ 11:30 እስከ ምሽቱ 1:30፣ ለስምንት ሳምንት። የከፈልኩት ለትልቋ ልጄ የአንድ ወር የትምህርት ቤት ክፍያ ያህል ነው። ከእኔ ጋር የተቀመጡት የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ነርስ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ የልብስ ሱቅ ያላት ወጣትና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። «የታመመ» የሚባል ሰው አልነበረም። ሁላችንም የዕለት ሥራችንን ሠርተን፣ ደክሞን፣ እንቅልፍ እያዳፋን የመጣን ሰዎች ነን።

ቃሉን ከመረዳት ይጀምራል

በአማርኛ ሁሉንም ነገር «ጭንቀት» ብለን እንጠቀልለዋለን። ትምህርቱ የሚጀምረው ይህን በመፍታት ነው። «ውጥረት» ከ«ወጠረ» የመጣ ቃል ነው፤ የከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ቆዳው ካልተወጠረ ከበሮው ድምፅ አይሰጥም፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ ይቀደዳል። ጭንቀት ግን የሚወጥረው ነገር ባይኖርም ወይም ቢያልፍም አእምሮ ውስጥ የሚቀረው ፍርሃትና ሥጋት ነው። ሁለቱ ቢቀራረቡም መፍትሔያቸው አንድ አይደለም።

ሳይንሱ የሚነሳው ከእንስሳት ቤተ ሙከራ ነው። በቪየና ተወልዶ በካናዳ ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሐንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ አይጦች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ብርድም ይሁን መርዝ ሰውነታቸው የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ መሆኑን አሳየ። ምላሹንም በሦስት ደረጃ ከፈለው፦ መጀመሪያ ሰውነት ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይቋቋማል፣ ጫናው ካልተነሳ በመጨረሻ አቅሙ ያልቃል። ከእሱ በፊት አሜሪካዊው ዋልተር ካነን «ተዋጋ ወይም ሽሽ» የሚባለውን የሰውነት ዝግጅት አጥንቶ ነበር። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ የምግብ መፈጨት ሥራ ይቀንሳል። ሲያስጨንቀን ሆዳችን የሚታመመውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ዝግጅት ጅብ ሲመጣ ነፍስ ያድናል። ችግሩ ሰውነታችን ጅብን ከሥራ አለቃ የስልክ መልእክት አለመለየቱ ነው። ጅቡ ይመጣል፣ ይሄዳል። መልእክቱ ግን በየቀኑ ይመጣል፤ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞንም ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ይቆያል። እንቅልፍ፣ የደም ግፊትና በሽታ የመከላከል አቅም የሚነኩት በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ አንድ ጥናት፣ ወደ 400 ለሚጠጉ ፈቃደኛ ሰዎች የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ተሰጥቷቸው ነበር። ውጥረታቸው ከፍ ያለው ሰዎች በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ

በማርኬቲንግ ሥራ አንድ ዕቃ ለምን እንዳልተሸጠ ከመገመታችን በፊት ቁጥሩን እናያለን። የኮርሱም የመጀመሪያ የቤት ሥራ ይኸው ነው። ለ14 ቀን ማስታወሻ ይይዛሉ። አራት ዓምድ ብቻ ይበቃል፦ ሰዓቱ፣ የሆነው ነገር፣ ሰውነትዎ ላይ የተሰማዎት ነገርና ከ10 ስንት እንደሚሰጡት።

ውጤቱ ብዙዎቻችንን አስገረመ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ የሚያስጨንቁኝ ደንበኞች ናቸው ብሎ ነበር፤ ከፍተኛው ቁጥሩ ግን ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ከቤት የሚወጣበት ግማሽ ሰዓት ሆነ። ነርሷን የከበዳት ሕመምተኛው ሳይሆን የተረኝነት ፕሮግራሙ በመጨረሻው ቀን መለጠፉ ነበር። የእኔ ደግሞ ቢሮ ውስጥ አልነበረም። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ልጆቼን እራት በማበላበትና የቤት ሥራ በማሠራበት ጊዜ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ በሚመጣው መልእክት ብዙ ጊዜ 8 ይሞላ ነበር።

ይህን ይዤ አለቃዬን አነጋገርኳት። «በዝቶብኛል» ብላት ኖሮ «ለሁላችንም በዝቷል» ትለኝ ነበር። የ14 ቀኑን ወረቀት ሳሳያት ግን አስቸኳይ ጉዳይ በስልክ እንዲደወል፣ ሌላው እስከ ጠዋት እንዲቆይ ተስማማን። ከሦስት ሳምንት በኋላ የዚያ ሰዓት ቁጥር ወደ 4 ወረደ። ሥራው አልቀነሰም፤ ሰዓቱን ብቻ ያዘ።

ሁለቱ ጥያቄዎች

የኮርሱ እምብርት የሆነው ሐሳብ ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት ነው። ውጥረት በነገሩ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ ለነገሩ በምንሰጠው ግምትም ይፈጠራል ይላሉ። ሳናስተውለው ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ «ይህ ነገር ይጎዳኛል ወይ?» እና «ቢጎዳኝስ ምን ማድረግ እችላለሁ?»

አለቃዎ ማታ «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ይምጡ» ብሎ ጻፈልዎ እንበል። አንዱ ሰው «ሊያባርረኝ ነው» ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሌላው «ምናልባት የሪፖርቱ ጉዳይ ነው፤ ቁጥሩን ይዤ እገባለሁ» ብሎ ይተኛል። መልእክቱ አንድ ነው፤ የሌሊቱ እንቅልፍ ግን ሁለት ነው።

ከዚያ በኋላ ችግሩን ለሁለት መክፈል ይመጣል። መለወጥ የሚቻለው ላይ ሥራ ይሠራል፤ መለወጥ የማይቻለው ላይ ስሜትን ማርገብ ይሞከራል። ሰው የሚደክመው ሁለቱን ሲያቀያይር ነው። ማመልከቻ መጻፍ ያለበት ሰው ሲጸልይና ሲተክዝ ይውላል፤ ልቡን ማሳረፍ ያለበት ደግሞ የማይለወጠውን ሲታገል ያድራል።

የባልደረባዬን ኪራይ በዚህ እንየው። ኮርሱ ኪራዩን አይከፍልላትም። ከኪራዩ ውስጥ ግን ሊሠራበት የሚችል ክፍል አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ዝቅተኛው የውል ዘመንም 2 ዓመት ነው። የእሷ ውል በቃል ብቻ ስለነበር በየወሩ «ውጪ ይሉኝ ይሆን?» እያለች ትሠጋ ነበር። ውሉን በጽሑፍ ማድረግ መለወጥ የሚቻለው ክፍል ነው። የቤት ዋጋ በከተማው መናሩ ግን ለእሷ ከማይለወጠው ክፍል ነው፤ ስለ እሱ ሌሊት መንቃት የሚጨምርላት ነገር የለም።

ሰውነትን ማርገብ

ሲወጠሩ «ተረጋጋ» መባል ምን ያህል እንደሚያናድድ ያውቁታል። ሰውነት በቃል ትእዛዝ አይረጋጋም፤ በሥራ ግን ይረጋጋል። ኮርሱ ውስጥ ደጋግመን የተለማመድናቸው እነዚህ ናቸው።

ትንፋሽ፦ በአፍንጫዎ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፤ 6 እየቆጠሩ ቀስ አድርገው ያስወጡ። በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ይሆናል። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምትን የሚያቀዘቅዘው የነርቭ ሥርዓት ይበረታል። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመውም ማንም ሳያውቅብዎ ሊሠሩት ይችላሉ።

ጡንቻ፦ ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የጀመረው ዘዴ ነው። ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ግንባር እያንዳንዱን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያህል አጥብቀው ይይዙና ይለቁታል፤ ልዩነቱን እያስተዋሉ ለ20 ሰከንድ ያህል ያርፋሉ። ብዙ ሰው ትከሻው ቀኑን ሙሉ ወደ ጆሮው ተሰቅሎ እንደሚውል የሚያውቀው ያኔ ነው።

መጻፍ፦ «ሆድ ይፍጀው» ያልነውን ነገር ወረቀት ላይ ማውጣት ይረዳል። ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው በተከታታይ 4 ቀን ለ15 ደቂቃ የጻፉ ተማሪዎች በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ማዕከል የሄዱበት ጊዜ አንሶ ተገኝቷል። ለማንም አይታይም፤ ጽፈው ሊቀዱትም ይችላሉ።

ቡና፦ እዚህ ላይ ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ። ካፌይን ከጠጣነው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደማችን ውስጥ ይቆያል። ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ አቦል ከምሽቱ 4 ሰዓት አልጋ ላይ አብሮን ይተኛል ማለት ነው። መምህራችን ቡናውን ተዉ አላሉንም፤ ወደ ጠዋት አምጡት ነው ያሉን። ከጎረቤት ጋር መቀመጡና መጨዋወቱ ራሱ መድኃኒት ነውና።

ደስታም ይከብዳል

ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሄ እ.ኤ.አ. በ1967 በሰው ሕይወት ውስጥ የሚከሰቱ 43 ለውጦችን ዘርዝረው ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጡ። የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73 ነው። ጋብቻም 50፣ እርግዝና 40፣ ቤት መቀየር 20፣ የዕረፍት ጉዞ እንኳ 13 አለው። እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች በሐይቅ ዳር ሪዞርት ፎቶ እረፍትን ስንሸጥ ይህችን 13 አንጽፋትም።

ዝርዝሩ የአሜሪካ ስለሆነ ለቅሶ ቤት መሰንበትን፣ የሠርግ መዋጮን፣ የክርስትና ድግስን አያውቅም። ስለዚህ በክፍላችን የራሳችንን ሠራን። አንደኛ የወጣው ማንም ያልጠበቀው መስከረም ነው፤ በዓሉ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባው፣ የደንብ ልብሱና ደብተሩ በአንድ ጊዜ የሚመጡበት ወር። ዕቁብ፣ እድርና ማኅበርም በሁለቱም በኩል ተጻፉ። በክፉ ቀን የሚያቆሙን እነሱ ናቸው፤ መዋጮውና ቀሪ መባሉ ደግሞ ከሚወጥሩን መካከል ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፦ ቤት በሚቀይሩበት ወር ድግስ አይደራርቡ። ከቻሉ አንዱን ወደ ፊት ይግፉት።

በቤትዎ ውስጥ ብዙ የሚታዘዘው ማን ነው?

ከኮርሱ ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው የሮበርት ካራሴክ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳቀረበው፣ ሰውን የሚያደክመው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም። ሥራው በዝቶ የመወሰን ሥልጣን ሲያንስ ነው ጉዳቱ የሚከፋው። መምህራችን ይህን በቢሮ ምሳሌ አስረድተው ሲጨርሱ፣ ነርሷ «በቤታችንስ?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

እርስዎም ቤትዎን በዚህ ዓይን ይዩት። ከሁሉ ቀድማ የምትነሳ፣ ከሁሉ ዘግይታ የምትተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደምትወጣ፣ መቼ እንደምታርፍ የማትወስን ማን ናት? በአብዛኛው የከተማ ቤት መልሱ የቤት ሠራተኛዋ ናት። የእኛን ውጥረት ለመቀነስ የመጣች ልጅ የቤቱን ትልቁን ውጥረት ተሸክማ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቻችን ደግሞ ቀኑን የሚውሉት ከእሷ ጋር ነው። የሳምንት እረፍቷ ቀን የታወቀ መሆኑ፣ የሥራ ቅደም ተከተሉን ራሷ ማውጣቷ፣ ማታ የሚያበቃበት ሰዓት መቆረጡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ትንንሽ ልጆች «ተወጥሬያለሁ» አይሉም፤ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላሉ፣ የተዉትን አልጋ ማርጠብ ይጀምራሉ፣ ከእናታቸው አልላቀቅ ይላሉ። ሐኪም አይቶ ሌላ ችግር ካላገኘ፣ የውሎ ሰሌዳቸውን ይመልከቱ። ትምህርት ቤት፣ አስጠኚ፣ የቅዳሜ ክፍል ሲደራረብባቸው «የቱን እናስቀር?» ብሎ እነሱኑ መጠየቅ ትንሽ ሥልጣን መስጠት ነው።

ኮርሱ የት ላይ ያቆማል?

አንደኛ፣ ኮርሱ መጥፎ የሥራ ሁኔታን ማስታገሻ መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በበሽታዎች ምደባው ላይ «በርንአውት»ን ሲያብራራ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ነው ብሎታል። ምልክቶቹም የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው ልብ መራቅና የውጤታማነት ስሜት ማነስ ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድም 16 የሥራ ቀን ነው። ፈቃድዎን ሳይወጡ የትንፋሽ ልምምድ ብቻ ቢሠሩ ግማሹን መድኃኒት ትተዋል።

ሁለተኛ፣ ኮርስ ሕክምና አይደለም። ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዘጋ፣ በድንገት የሚያርድ ፍርሃት ከተደጋገመ፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ቦታው ክፍል ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ነው። የመጨረሻው ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ብቻውን ሳይሆን ከቅርብ ሰው ጋር። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ይገኛሉ። ጸሎትና ጸበል ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ የታዘዘ መድኃኒትን ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ ግን ይጎዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

የእኔን ውጤት ከጠየቁኝ፣ በሦስተኛው ወር ሐኪሙ ጋ ስመለስ ግፊቴ 126/82 ነበር። ይህን ያመጣው ኮርሱ ነው ብዬ ልሸጥልዎ አልችልም። በዚያው ጊዜ ጨው ቀንሻለሁ፤ ከቢሮ እስከ ታክሲ ተራው በእግር ስሄድ ከርሜያለሁ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራ መናገር አይችልም። ኮርሱ የጨመረልኝ፣ ሦስቱንም ሳልተው እንድቀጥል በሳምንት ሁለት ቀን «ማስታወሻሽ የት አለ?» የሚለኝ ሰው ነው።

ከመመዝገብዎ በፊት

የሚያስተምረው ሰው በሳይኮሎጂ፣ በአእምሮ ጤና ወይም በተቀራራቢ ሙያ የሠለጠነ መሆኑን ይጠይቁ፤ ጥሩ ተናጋሪ መሆን ብቻውን አይበቃም። የትምህርቱን ዝርዝር ይመልከቱ፤ ከግማሽ በላይ ልምምድ ከሌለው መጽሐፍ ገዝተው ቢያነቡ ይሻላል። «በሦስት ቀን ከጭንቀት ነፃ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት፤ እኔ ማስታወቂያ የምጽፍ ሰው ነኝና ይህን ይመኑኝ። ክፍሉ ውስጥ የሚነገር የግል ጉዳይ በምስጢር ስለመያዙ ስምምነት መኖሩንም ያረጋግጡ። የሚሄዱበት መንገድ በራሱ የሚወጥርዎ ከሆነ፣ ቢሮዎ ወይም ቤትዎ አጠገብ ያለውን ይምረጡ። ማታ በሚቀሩባቸው ሰዓታት ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ከባለቤትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ አለበለዚያ የእርስዎ ኮርስ የሌላው ሰው ውጥረት ይሆናል።

ገንዘቡም ጊዜውም አሁን ካልተመቸዎ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ክፍያ የለውም። ልጆችዎ ከጨረሱት ደብተር የተረፈች ባዶ ገጽ ይፈልጉና አራት ዓምድ ያስምሩባት። ለ14 ቀን ይሙሏት፤ ከዚያ ከፍተኛውን ቁጥር የያዘውን ሰዓት ይዘው ሊያስተካክለው ከሚችለው ሰው ጋር ይነጋገሩ። ባልዎ ይሁን ሚስትዎ፣ አለቃዎ ይሁን አከራይዎ፣ ወረቀቷን ዘርግተው ያሳዩት።